በአንገት በኩል ወደ አንጎል የሚወጣው ደም ሲዘጋ

(የዝግጅቱ መለያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ይጀምርና ዝቅ እያለ ከንግግሩ ሥር ይቆያል)

የዛሬው ሳምንታዊ የጤና ትምህርት የሚያተኩረው በአንገት በኩል ወደ አንጎል የሚወጣው ዋና የደም መስመር በድንገት ሲዘጋ በሚደርሰው ስትሮክ ላይ፣ በተለይም የረጋውን ደም በቀጭን መሣሪያ ከደም ሥሩ ውስጥ ጎትቶ በማውጣት በሚሰጠው ሕክምና ላይ ነው።

አንጎል ከሰውነት ክብደት ከመቶ ሁለት እጅ ያህሉን ብቻ የሚይዝ ቢሆንም፣ ሰው ዐርፎ በተቀመጠበት ጊዜ እንኳ ልብ ከሚረጨው ደም ከመቶ ከ15 እስከ 20 የሚደርሰውን እጅ የሚወስድ፣ ለክፉ ቀን የሚያስቀምጠው ስንቅ የሌለው፣ የደሙ ፍሰት ሲቋረጥበትም በሰከንዶች ውስጥ ሥራውን የሚያቆም የአካል ክፍል ነው።

ይህ ሁሉ ደም በየት በኩል ይደርሳል? የሚደርሰው በአራት ደም ቅዳዎች ነው። ደም ቅዳ ማለት ከልብ የወጣውን ደም ወደ ልዩ ልዩ የአካል ክፍሎች የሚያደርስ የደም ሥር ሲሆን፣ ከአራቱ ሁለቱ በአንገት አጥንቶች ውስጥ ተሰውረው ወደ ኋለኛው የአንጎል ክፍል ሲያልፉ፣ ሁለቱ ደግሞ በአንገት ፊት ለፊት በግራና በቀኝ ይወጣሉ፤ ፊት ለፊት ያሉት እነዚህ ሁለቱ ካሮቲድ ይባላሉ።

ጣቱን ከማንቁርቱ ጎን ቀስ አድርጎ ያሳረፈ ሰው የሚሰማው ትርታ የካሮቲድ ትርታ ነው። ካሮቲድ ከማንቁርት የላይኛው ጠርዝ አካባቢ ሲደርስ ለሁለት ይከፈልና አንደኛው ቅርንጫፍ ፊትንና የራስ ቅል ቆዳን ሲመግብ፣ ሁለተኛው በአንገት ውስጥ አንድም ቅርንጫፍ ሳያወጣ በቀጥታ ወደ ራስ ቅል ገብቶ በመጀመሪያ ዓይንን፣ ቀጥሎም ክንድና እግርን የሚያንቀሳቅሰውን፣ ንግግርንም የሚመራውን ሰፊውን የአንጎል ክፍል ይመግባል። ዛሬ ስለ መዘጋቱ የሚነገረው ይህ ሁለተኛው፣ ማለትም የውስጠኛው ካሮቲድ ነው።

(አጭር የሙዚቃ ማረፊያ)

ይህ መስመር ለምን ይዘጋል? በዕድሜ፣ በደም ግፊት፣ በስኳር ሕመም፣ በሲጋራና በኮሌስትሮል ብዛት ምክንያት በደም ቅዳው ግድግዳ ውስጥ ስብና ካልሲየም ቀስ በቀስ ይጠራቀማል፤ ሐኪሞች ፕላክ የሚሉት ይህን ክምችት ነው። ደሙ ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ ፍሰቱ ስለሚታወክ ክምችቱ ከሁሉ ይልቅ የሚበዛው እዚያው መገንጠያው ላይ ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታት ያለ ምንም ሕመም ተቀምጦ ሊቆይ ይችላል።

አንድ ቀን ግን የክምችቱ ገጽ ይሰነጠቃል፤ ደሙም ስንጥቁን ልድፈን ሲል በላዩ ላይ ይረጋል። የረጋው ደም መገንጠያውን ራሱን ሙሉ በሙሉ ሊዘጋው ይችላል፤ ወይም ደግሞ ቁራጩ ተነቅሎ ወደ ላይ ይሄድና፣ የአንገቱ ደም ቅዳ ስፋት አምስት ሚሊሜትር ገደማ፣ የአንጎሉ ዋና ቅርንጫፍ ስፋት ግን ሦስት ሚሊሜትር ያህል ብቻ በመሆኑ፣ እዚያ ላይ ይሰነቀራል።

ሁለቱም በአንድ ጊዜ የደረሱ እንደ ሆነ፣ ማለትም አንዱ መዘጋት በአንገት፣ ሌላው መዘጋት በራስ ቅል ውስጥ ሲሆን፣ ባለሙያዎች ታንደም ይሉታል፤ ድርብ መዘጋት ማለት ነው። በፊተኛው የአንጎል ክፍል ትላልቅ ደም ቅዳዎች መዘጋት ከሚመጡት ስትሮኮች መካከል ከመቶ ከ10 እስከ 20 የሚሆኑት እንዲህ ዓይነት ድርብ መዘጋት ያለባቸው ናቸው፤ ለሐኪሙም ከሁሉ የሚከብዱት እነሱ ናቸው።

የመዘጋት ምክንያት ሁልጊዜ ፕላክ ነው ማለት ግን አይደለም። በወጣቶች ላይ በመኪና አደጋ ወይም አንገት በድንገት ሲጠማዘዝ የደም ቅዳው የውስጥ ሽፋን ተቀድዶ ደም በግድግዳው መካከል ሊገባና መተላለፊያውን ሊያጠብ ይችላል። በኢትዮጵያ ደግሞ በልጅነት ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብ ክዳንን የሚያበላሸው የሩማቲክ የልብ ሕመም ገና ያልጠፋ በመሆኑ፣ በልብ ውስጥ የረጋ ደም ተነሥቶ ወደ አንጎል በመሄድ የሠላሳና የአርባ ዓመት ሰዎችን በስትሮክ ይጥላል። ስትሮክ የሽማግሌዎች ሕመም ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ በኢትዮጵያ ሁኔታ ጎጂ ስሕተት የሆነው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

(ሙዚቃ ለጥቂት ሰከንድ፤ ከዚያ ጸጥታ)

ደሙ በተቋረጠ ጊዜ በአንጎል ውስጥ ምን ይሆናል? በመዘጋቱ እምብርት ላይ ያሉት የነርቭ ሕዋሳት በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታሉ። በዙሪያቸው ያሉት ግን ከጎረቤት ደም ሥሮች በሚንጠባጠብ ጥቂት ደም ሥራቸውን አቁመው በሕይወት ይቆያሉ፤ ይህን ዙሪያ ሐኪሞች ፔኑምብራ ይሉታል። ማታ በአመድ እንደ ተዳፈነ እሳት ነው፤ ነበልባል አይታይበትም፣ ፍሙ ግን ከሥር አለ፤ ነፋስ ካገኘ ይነሣል፣ ከዘገየ ይከስላል።

አሜሪካዊው የነርቭ ሐኪም ጄፍሪ ሴቨር እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ስሌት እንዳመለከቱት፣ ትልቅ ደም ቅዳ በተዘጋበት አማካይ ሕመምተኛ አንጎል ውስጥ በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን የነርቭ ሕዋሳት ይጠፋሉ። ይህ አማካይ ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1664 እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዊሊስ የገለጹት፣ የግራውንና የቀኙን፣ የፊቱንና የኋላውን ደም ቅዳዎች ከአንጎል ሥር የሚያገናኘው ቀለበት በአንዳንድ ሰዎች የተሟላ፣ በሌሎች ደግሞ የጎደለ ስለሆነ፣ ያ የተዳፈነ ክፍል በአንዱ ሰው ሰዓታትን ሲቆይ በሌላው በግማሽ ሰዓት ሊያልቅ ይችላል። ማን የትኛው እንደ ሆነ ከውጭ ታይቶ አይታወቅም፤ ስለዚህም እያንዳንዱ ሕመምተኛ የሚቸኩሉለት ሰው ነው።

(ሙዚቃ)

ታዲያ የተዘጋውን እንዴት መክፈት ይቻላል? የመጀመሪያው መንገድ መድኃኒት ነው። የረጋ ደምን የሚያሟሟ፣ ቲፒኤ የሚባል መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ በተካሄደ ጥናት ጠቀሜታው ተረጋግጦ በማግሥቱ ዓመት ፈቃድ ያገኘ ሲሆን፣ መጀመሪያ እስከ ሦስት ሰዓት፣ እ.ኤ.አ. ከ2008ቱ ጥናት በኋላ ደግሞ ሕመሙ ከጀመረበት እስከ አራት ሰዓት ተኩል ድረስ በክንድ ደም ሥር ይሰጣል።

መድኃኒቱ ብዙዎችን አድኗል፤ ነገር ግን ትልቅ ደም ቅዳን የዘጋ ረጅም የረጋ ደም ሲገጥመው ኃይሉ ያንሳል። የጀርመን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 እንዳሳዩት ርዝመቱ ከስምንት ሚሊሜትር ያለፈውን የረጋ ደም በመድኃኒት ብቻ ማሟሟት እምብዛም አይሳካም፤ በካሮቲድ ውስጥ የሚረጋው ደም ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ይረዝማል። ሐኪሞችን በእጅ ሄዶ ማውጣት አይቻልምን ወደሚለው ጥያቄ የመራቸው ይህ ችግር ነው።

መልሱ በአንድ ጊዜ አልተገኘም። የመጀመሪያው መሣሪያ፣ መርሲ የተባለው ጫፉ የተጠማዘዘ ሽቦ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ ተፈቀደ፤ ደም ሥሩን መክፈት ቢችልም ሕመምተኛው ሕክምናውን ካላገኘው ይልቅ በደኅና ሁኔታ ወደ ቤቱ መመለሱን ማሳየት አልተቻለም። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2013 በአንድ ወቅት የወጡ ሦስት ትላልቅ ጥናቶች ሕክምናው ከመድኃኒት የተሻለ ጥቅም የለውም የሚል ውጤት ስላመጡ፣ ብዙዎች የነገሩ መጨረሻ መሰላቸው።

ምን ጎድሎ ነበር? በእነዚያ ጥናቶች ውስጥ አብዛኛው የተሠራው በአሮጌዎቹ መሣሪያዎች ነበር፤ ትልቅ ደም ቅዳ በእርግጥ መዘጋቱ አስቀድሞ በምስል ያልተረጋገጠላቸው ሕመምተኞች ገብተው ነበር፤ ከሆስፒታል በር እስከ ሕክምናው አልጋ የሚያልፈውም ጊዜ ረጅም ነበር። የጎደለው በአመዛኙ አመራረጥና ፍጥነት ነበር ማለት ነው።

በኔዘርላንድስ መንግሥታዊው የጤና ሥርዓት ለሕክምናው ወጪ የሚከፍለው ሕመምተኛው በጥናት ውስጥ ከታቀፈ ብቻ እንዲሆን በመደረጉ፣ 16 ሆስፒታሎች ተባብረው 500 ሕመምተኞችን መመዝገብ ቻሉ። ሚስተር ክሊን የተባለው የዚህ ጥናት ውጤት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2014 በኢስታንቡል በተደረገው የዓለም የስትሮክ ጉባኤ ላይ ሲነገር የሕክምናው ታሪክ ተለወጠ፤ በወራት ውስጥ ከካናዳ፣ ከአውስትራሊያ፣ ከስፔንና ከአሜሪካ የመጡ ጥናቶችም ያንኑ አረጋገጡ። አንድ ሕክምና ሲከሽፍ ከመጣል ይልቅ የከሸፈበትን ምክንያት በትዕግሥት መመርመር ምን ያህል ሕይወት እንደሚያተርፍ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

(ሙዚቃ፤ ቀስ ብሎ ይጠፋል)

አሁን ወደ ሕክምናው ክፍል መግባት ይቻላል። ሜካኒካል ትሮምቤክቶሚ የሚባለው ይህ ሕክምና ራስ ቅል ሳይከፈት፣ አንገትም ሳይቀደድ የሚሠራ ነው።

ሕመምተኛው በአንጀዮግራፊ ክፍል፣ ማለትም የደም ሥሮች በኤክስሬይ በቀጥታ በሚታዩበት ክፍል፣ በጠባብ አልጋ ላይ በጀርባው ይጋደማል። የብሽሽቱ ወይም የእጅ አንጓው ቆዳ ተደንዝዞ ደም ቅዳው በመርፌ ይወጋና፣ ካቴተር የሚባል ረጅም፣ ተጣጣፊና ውስጡ ክፍት የሆነ ቱቦ ይገባል። ሐኪሙ ዓይኑን ከማሳያው ምስል ሳይነቅል ቱቦውን፣ ከብሽሽት ከተነሣ በሆድና በደረት ውስጥ ባለው ታላቅ ደም ቅዳ በኩል እየገፋ እስከ አንገት ያደርሰዋል።

እዚያ ሲደርስ በኤክስሬይ የሚታይ ፈሳሽ ይረጫል። ጤነኛ ሰው ቢሆን ሁለቱም ቅርንጫፎች እስከ ጫፋቸው ጠቁረው ይታያሉ፤ በዚህ ሕመምተኛ ግን ወደ ፊት የሚሄደው ቅርንጫፍ ብቻ ከነዝርዝሩ ሲታይ፣ ወደ አንጎል የሚሄደው ከመገንጠያው ጥቂት ከፍ ብሎ እንደ ሾለ ይቆማል፤ ከዚያ በላይ ባዶ ነው። ሐኪሙ ሊያልፍ የሚገባው በዚህ ባዶ በሚመስል ቦታ ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። መጀመሪያ የአንገቱን ነው ወይስ የራሱን መክፈት የሚገባው? የአንገቱን ያስቀደመ ሐኪም ጠባቡን ቦታ በፊኛ አስፍቶ፣ ካስፈለገም ስቴንት የሚባል የብረት መረብ ቱቦ አስቀምጦ ወደ ላይ ያልፋል፤ ነገር ግን በዚያ ጊዜ ሁሉ አንጎል ያለ ደም ይቆያል። የራሱን ያስቀደመ ሐኪም ደግሞ የአንገቱን ጥበት እንደ ምንም አልፎ የአንጎሉን ደም ሥር ቀድሞ ይከፍታል፤ የአንገቱን የሚሠራው ሲመለስ ነው።

ስቴንት ማስቀመጡም የራሱ ጣጣ አለው። ስቴንት ተመልሶ እንዳይዘጋ ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ መድኃኒቶች ወዲያው መሰጠት ሲኖርባቸው፣ እነዚሁ መድኃኒቶች አሁን በተጎዳው አንጎል ውስጥ ደም እንዲፈስ ሊያደርጉ ይችላሉ። ስለዚህ አንዳንዱ ሐኪም ስቴንቱን ያኔውኑ ያስቀምጣል፤ ሌላው በፊኛ ብቻ ጥቂት አስፍቶ ቋሚውን ሥራ ለቀናት ያቆያል። ሁሉን የሚገዛ አንድ ደንብ ማውጣት ያስቸገረው ሕመምተኛው ከሕመምተኛ ስለሚለይ ነው፤ የቀለበቱ የደም ሥር የተሟላለት ሰው የአንገቱ ሥራ ቢቆይለት ያን ያህል አይጎዳም፤ ያልተሟላለት ግን አንገቱ ካልተከፈተ በቂ ደም አያገኝም።

ወደ ራስ ቅል የዘለቀው ቀጭን ቱቦ የረጋውን ደም አልፎ ይሄዳል። በውስጡ ኒቲኖል ከተባለ የኒኬልና የቲታኒየም ቅይጥ የተሠራ፣ የታጠፈ የሽቦ መረብ አለ፤ ቱቦው ወደ ኋላ ሲሳብ መረቡ በረጋው ደም መካከል ይዘረጋል። ሐኪሙ ለጥቂት ደቂቃዎች ይታገሣል፤ የረጋው ደም በመረቡ ቀዳዳዎች ውስጥ እስኪያዝ ድረስ ነው። ከዚያም በአንገቱ ደም ቅዳ ውስጥ ያለች ፊኛ ተነፍታ የደሙን ፍሰት ለአፍታ ታቆማለች፤ ረዳቱ በትልቅ መርፌ ቱቦ ደሙን ወደ ውጭ ይስባል፤ መረቡም ቀስ ተብሎ ይጎተታል።

ከብዙ ጭንቀት በኋላ በነጭ ጎዝ ላይ የሚወጣው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ርዝመቱ ከአንድ ወይም ከሁለት ሳንቲሜትር የማይበልጥ፣ ጠቆር ያለ ቀይ የረጋ ደም ነው። ፈሳሹ እንደገና ሲረጭ ባዶ የነበረው ቦታ በቅርንጫፎች ይሞላል። ሙሉ ማደንዘዣ ያልተሰጠው አንዳንድ ሕመምተኛ አልጋው ላይ እንዳለ ያልታዘዘለትን ክንድ ያነሣል፤ የሌላው መሻሻል ቀናትንና ወራትን ይፈጃል፤ ደም ሥሩ ተከፍቶለትም የማይሻሻል አለ።

(ሙዚቃ)

ውጤቱ በአኃዝ ሲታይ ምን ይመስላል? የአምስቱ ጥናቶች 1287 ሕመምተኞች በአንድ ላይ ሲተነተኑ፣ ይህን ሕክምና ካገኙ መቶ ሰዎች 46ቱ ከሦስት ወር በኋላ ያለ ሰው ርዳታ ይኖሩ ነበር፤ ካላገኙት መቶ ሰዎች እንዲህ ለመሆን የበቁት ከ26 እስከ 27 ብቻ ነበሩ። ድርብ መዘጋት የነበረባቸው ሕመምተኞችም ከጥቅሙ ተካፋዮች መሆናቸው ታይቷል።

ሕክምናው አደጋ የለውም ማለት አይደለም። የደም ሥሩ ሊበሳ፣ የረጋው ደም ተቆርሶ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ሊሄድ፣ ለረጅም ጊዜ ጠባብ የነበረ ካሮቲድ ሲከፈትም ደሙ በኃይል ገብቶ በአንጎል ውስጥ ሊፈስ ይችላል፤ ከሕክምናው በኋላ የደም ግፊት በቅርብ የሚጠበቀው ለዚህ ነው። የተዘጋ ሁሉም የሚከፈት አይደለም። ካሮቲዱ ከዓመታት በፊት ቀስ በቀስ ተዘግቶ አንጎሉ በሌላ መንገድ መመገብን የለመደ፣ ምንም ምልክት የሌለበት ሰው ቢከፈትለት ከጥቅሙ ይልቅ ጉዳቱ ሊያመዝን ስለሚችል እንዲሁ ይተዋል።

ይህ ሕክምና እስከ ስንት ሰዓት ድረስ ይሰጣል? መጀመሪያ የተወሰነው እስከ ስድስት ሰዓት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተሙ ሁለት ጥናቶች ግን በምስል ምርመራ የተዳፈነ የአንጎል ክፍል ገና እንዳላቸው የታወቀላቸው ሰዎች፣ በአንደኛው ጥናት እስከ 16፣ በሌላው እስከ 24 ሰዓት ድረስ እንደሚጠቀሙ አሳይተዋል። ስለዚህ ከእንቅልፉ ሲነቃ ግማሽ አካሉ ያልታዘዘለት ሰው ተስፋው ያለቀ አይደለም። ነገር ግን 24 ሰዓት ማለት የመጨረሻው ወሰን እንጂ የዕረፍት ጊዜ አይደለም፤ ያ የተዳፈነው ክፍል እስከዚያ የሚቆይላቸው ጥቂቶች ናቸውና።

(አጭር ማረፊያ፤ ድምፅ ረጋ ይላል)

ከዚህ ቀጥሎ የሚነገረው የዛሬው ዝግጅት ዋና ነጥብ ስለሆነ አድማጮች ልብ እንዲሉት ይጠየቃሉ። ሐኪሙ ለማንኛውም ውሳኔ አስቀድሞ የሚጠይቀው ሕመምተኛው ለመጨረሻ ጊዜ ደኅና ሆኖ የታየበትን ሰዓት ነው። ሕመምተኛው የተገኘበትን ሰዓት አይደለም፤ ደኅና የታየበትን ነው። ያን ሰዓት በሲቲ ስካን ማንበብ አይቻልም፤ የሚያውቀው ቤተሰቡ፣ ጎረቤቱ ወይም የሥራ ባልደረባው ብቻ ነው።

በዚህ ላይ በውጭ ሀገር ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች የሚጨመር ትልቅ ጥንቃቄ አለ። ለምሳሌ በዋሽንግተን አካባቢ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ አንዲት እናት፣ በሀገሩ ሰዓት ስምንት ላይ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ልጃቸውን በደኅና ይሸኛሉ እንበል። ልጃቸው ስትመለስ ወድቀው ታገኛቸዋለች፤ በሀገሩ ሰዓት አሥር ላይ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ሆስፒታል ያደርሷቸዋል። እሷም በድንጋጤ «ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እማዬ ደኅና ነበሩ» ትላለች፤ አስተርጓሚው ቁጥሩን እንዳለ ያስተላልፈዋል።

ምን ሆነ? ሁለት ሰዓት ብቻ ያለፈው ሕመም በወረቀት ላይ ስምንት ሰዓት ያለፈው ይሆናል። በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው የስድስት ሰዓት ልዩነት ለዚህ ሕክምና መጀመሪያ ከተወሰነው ጊዜ ጋር እኩል መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል፤ ደም የሚያሟሟውም መድኃኒት በዚህ አንድ ስሕተት ሊከለከል ይችላል። በአሜሪካም፣ በእስራኤልም፣ በዐረብ ሀገራትም ያለ ቤተሰብ ከዚህ የሚድንበት ቀላል መንገድ አለ፤ የሰዓቱን ስም ትቶ «ከሁለት ሰዓት በፊት ደኅና ነበሩ» ብሎ ያለፈውን ጊዜ መናገር ነው።

በድጋሚ፦ ደኅና የታዩበት ሰዓት፤ ከዚያ ወዲህ ያለፈው ጊዜ።

(ሙዚቃ)

ምልክቶቹስ ምንድን ናቸው? ፊት ወደ አንድ ጎን መጣመም፣ አንድ ክንድ ወይም እግር በድንገት መዛል፣ ንግግር መኮላተፍ ወይም መጥፋት ዋናዎቹ ናቸው። የግራው ካሮቲድ ሲዘጋ የቀኝ አካል ሲዝል፣ በአብዛኛው ሰው ንግግርም አብሮ ይጠፋል፤ ዓይኖችም ከዛለው አካል ዞር ብለው ወደ ተጎዳው የአንጎል ወገን ሊያዩ ይችላሉ።

የቀኙ ሲዘጋ ግን አሳሳች ነገር አለ። የግራ አካሉ የዛለ ሕመምተኛ መታመሙን ራሱ ላያውቅ ይችላል፤ የማይንቀሳቀሰውን እጁን ሲያሳዩት «የእኔ አይደለም»፣ «ምንም አልሆንኩም፣ ተዉኝ ልረፍ» ይላል። ይህ ጉብዝና ወይም ግትርነት አይደለም፤ የተጎዳው የአንጎል ክፍል ያመጣው ምልክት ነው። አባት እምቢ አሉ ተብሎ በአክብሮት የሚታለፍበት ሰዓት ይህ አይደለም።

ሕመሙ እንደ ጀመረ በቤት ውስጥ በቅንነት የሚደረጉ፣ ግን ጉዳት የሚያመጡ ነገሮች አሉ። ምች ነው ብሎ ማሸት፣ ይረፉና ይለቃቸዋል ብሎ ማስተኛት፣ ሻይ ወይም ውኃ መስጠት፣ ያለውን የደም ግፊት ኪኒን ደራርቦ ማዋጥ፣ አስፕሪን መስጠት አይገባም። መዋጥ ያቃተው ሰው የጠጣው ወደ ሳንባው ይገባል፤ ስትሮኩ በአንጎል ውስጥ ደም ከመፍሰስ የመጣ ከሆነ አስፕሪን ያባብሰዋል፤ የደም ግፊቱ በድንገት ቢወርድ ደግሞ በትንሽ ደም የቆየው የአንጎል ክፍል ያለውንም ያጣል። ጸበል የሚወስድ ቤተሰብም እምነቱን ሳይተው ሆስፒታሉን ቢያስቀድም ይመከራል፤ ጸበሉ ይጠብቃል፣ አንጎል ግን አይጠብቅም።

በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ በአሜሪካ 911፣ በአውሮፓ ኅብረት ሀገሮች 112፣ በእስራኤል 101፣ በሳዑዲ ዐረቢያ 997፣ በተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች 998 ነው።

(አጭር ማረፊያ)

አንድ አድማጭ፣ ይህ ሕክምና በሀገራችን በሁሉም ቦታ በሌለበት መቸኮሉ ምን ይፈይዳል ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በኢትዮጵያ ይህን ሕክምና የማግኘት ዕድል እጅግ ጠባብ ነው፤ የአንጀዮግራፊ ክፍል፣ የሠለጠነ ባለሙያና ዋጋው ከባድ የሆነ መሣሪያ በአንድ ቦታ በአንድ ሌሊት መገኘት አለባቸውና። ቢሆንም በሰዓቱ የደረሰ ሕመምተኛ በሲቲ ስካን መዘጋቱ ከመፍሰሱ ይለይለታል፤ የደም ግፊቱና ስኳሩ በልክ ይያዝለታል፤ መዋጥ መቻሉ ሳይፈተሽ ምግብ አይሰጠውም። እነዚህ ውድ መሣሪያ የማይጠይቁ ነገሮች ብዙ ሰዎችን ከሞት ያድናሉ።

ሕክምናው የሀብታም ሀገሮች ብቻ ሆኖ እንደማይቀር ብራዚል አሳይታለች። በ12 የመንግሥት ሆስፒታሎች የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ጥናት 221 ሕመምተኞችን አቅፎ ጥቅሙ ግልጽ በመሆኑ ከታሰበው በፊት የቆመ ሲሆን፣ ሕክምናውን ካገኙት ከመቶ 35፣ ካላገኙት ከመቶ 20 ራሳቸውን ችለው ለመኖር በቅተዋል። ለኢትዮጵያ የሚበጀው ቅደም ተከተል መጀመሪያ የስትሮክ ክፍሎችንና ሌሊትም የሚሠራ ሲቲ ስካን ማስፋት፣ ከዚያ በጥቂት ማዕከላት ይህን ሕክምና ማቋቋም መሆኑን መናገር ይገባል፤ የሚቀበለው ክፍል በሌለበት መሣሪያው ብቻውን ቢገዛ ተቆልፎ ይቀመጣል።

በመጨረሻም ካሮቲድ ከመዘጋቱ በፊት ማስጠንቀቂያ የሚሰጥበት ጊዜ እንዳለ ማወቅ ያሻል። በአንድ ዓይን ላይ ከላይ ወደ ታች ጨለማ ወርዶ በደቂቃዎች ውስጥ የሚመለስ ዕይታ፣ ወይም ለጥቂት ጊዜ ዝሎ የሚለቅ እጅ፣ ካናዳዊው ሐኪም ሚለር ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1951 ከአንገት ደም ቅዳ ጋር ያያያዙት ምልክት ነው። ለቀቀኝ ተብሎ የሚረሳ አይደለም። እንዲህ የሆነበት ሰው በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ቀርቦ አንገቱ በአልትራሳውንድ መታየት አለበት፤ ጥበቱ ከ70 በመቶ በላይ ሆኖ ከተገኘና መተላለፊያው ገና ክፍት ከሆነ፣ ፕላኩን በቀዶ ሕክምና ማውጣት ከሁሉ የሚጠቅመው ምልክቱ በታየ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሲደረግ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ዝግጅቱ ከስትሮክ በኋላ በቤት ውስጥ ስለሚሰጥ እንክብካቤና ስለ ፊዚዮቴራፒ ይቀጥላል።

(የመለያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይዘጋል)